ከባሕር በር ወዲያ

መጀመሪያ ያየሁት ኮራል የሞተ ነበር። ያየሁትም ባሕር ውስጥ ሳይሆን አፋር ውስጥ፣ ከአሳሌ የጨው ሜዳ ዳር ነው። የመኪናችን ጎማ ተንፍሶ ሹፌሩ ሲቀይር፣ እኛ ጥላ ፍለጋ አንድ ጉብታ ሥር ተጠጋን። ጥላ የለም። ጉብታው ግን እንግዳ ሆነብኝ፤ ድንጋዩ እዚህ እንደ ማር እንጀራ ተበሳስቷል፣ እዚያ እንደ በግ አንጎል ተጠማዟል፣ ከሥሩ ደግሞ የዛጎል ስባሪ እንደ ፈንዲሻ ተበትኗል። አብሮን የነበረ የጂኦሎጂ መምህር ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን እየጠረገ፣ «በሉ እንግዲህ ዋኙ፤ የቆማችሁት ባሕር ውስጥ ነው» አለን።

ቀልዱ እውነት ነበረው። ከመቶ ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ገብቶ የደናክልን ረባዳ ሞልቶት ነበር። ኮራሎች ዳር ዳሩን ይዘው ቤት ሠሩ። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፤ ፀሐይ ውኃውን እየጠጣች ጨረሰችው። የቀረው ጨው ነው። በግመል ተጭኖ ሽቅብ የሚወጣው አሞሌ፣ ወጥ ላይ ቆንጠር አድርገን የምንነሰንሰው፣ ከባሕር የተረፈ ውርስ ነው። ጉብታው ደግሞ የኮራሎቹ ፍርስራሽ። አገሬ የኮራል ሪፍ እንዳላት ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ጉድለቱ ውኃ የሌለው መሆኑ ብቻ።

ሕያዉን ሳላይ አልቀርም ብዬ የፎከርኩት እዚያው ነው። ፉከራው ቀላል ነበር፤ ውኃ መፍራቴን የረሳሁት ለጊዜው ነው። እናቴ ውኃን የምታውቀው በወንዝ ነው፤ በእርሷ አገር ወንዝ በየክረምቱ ሰው ይወስዳል። «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድሽ» እያለች አሳድጋኛለች። መዋኘት የተማርኩት በ34 ዓመቴ፣ ግዮን ሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ ነው። ከዚያ በኋላ ላንጋኖ ሄጄ ራሴን ዋናተኛ አልኩ። ላንጋኖን እወደዋለሁ፤ ግን ውኃው የወተት ሻይ መልክ ስላለው አንድም ቀን የገዛ ጉልበቴን አይቼበት አላውቅም። ስለዚህ ለእኔ ውኃ ማለት ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነበር። ውስጡ የሚታይ ውኃ አለ ሲሉኝ በወሬ እንጂ በልቤ አልተቀበልኩትም።

ጅቡቲ ስሄድ ጥምቀት ካለፈ ሳምንቱ ነበር። እናቴ በስልክ የሄድኩበትን ስትሰማ ትንሽ ዝም ብላ፣ «የዘንድሮው ጥምቀት አልበቃሽም?» አለችኝ።

በባቡር ነው የወረድኩት፤ ከለቡ ናጋድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ መስኮቱ አይከፈትም፣ ወንበሩ አያስተኛም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ብያለሁ። አዲስ አበባ ላይ ጠጥቼ ክዳኑን ያጠበቅሁት ሃይላንድ፣ ናጋድ ስደርስ ጎኑ ገብቶ ተጨራምቶ አገኘሁት። ማንም አልተቀመጠበትም። የአዲስ አበባ አየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ላይ የታሸገው ቀጭን አየር ታች ሲደርስ የወፍራሙ አየር ጡጫ አጎበጠው። ሃይላንድ ደጋ ማለት ነው መቼም። ደገኛ ቆላ ሲወርድ እንደሚጨራመት ጠርሙሱ ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አማርኛ አይቸግርም። ፍራፍሬ የሚሸጠው፣ ፀጉር የሚሠራው፣ ምሳ ቤቱ ውስጥ ሽሮ የሚያፈላው የእኛ ሰው ነው። ቀትር ላይ ከእኛው አገር የተጫነ ጫት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ጥያቄ አይቀበልም። እኔን የያዘኝ ግን ወደቡ ነው። ክሬኖቹ ከሩቅ ቀጭኔ ይመስላሉ፤ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ ከባድ መኪኖች በአስፋልቱ ጠርዝ ተራ ይጠብቃሉ፤ ረዳቶቹ ከመኪናው ሆድ ሥር ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል። ቆሜ ሳይ፣ ስለ ባሕር ሲወራ የሰማሁት ወሬ ሁሉ የ«ባሕር በር» ወሬ መሆኑ ታወሰኝ። በሩ ማን እጅ ነው፣ ኪራዩ ስንት ነው፣ ዕቃው ስንት ቀን ቆመ። ልጅ ሆኜ በሬዲዮ፣ አድጌ በቴሌቪዥን፣ አሁን ደግሞ ታክሲ ውስጥ ስለ በሩ እሰማለሁ። በር ካለ ቤት መኖር አለበት፤ ቤት ካለም ነዋሪ። ስለ ቤቱና ስለ ነዋሪው ያወራኝ አንድ ሰው አላስታውስም። (ይህን የምጽፈው ክርክሩ ላይ እንጨት ለመጨመር አይደለም፤ እዚያ እሳት ዘንድ እንጨት አጥቶ አያውቅም።)

ቤቱ ውስጥ የገቡ ግን ነበሩ። ጣሊያናዊው ፎልኮ ኩዊሊቺ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተጣመረችበት መጀመሪያ ዓመታት ዳህላክ ደሴቶች ድረስ ከጠላቂዎች ጋር መጥቶ ከውኃ በታች በቀለም ቀርጿል፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ «ስድስተኛው አህጉር» ተባለ። በሩ ላይ ቆመን ሳለ ሌላ ሰው ቤቱን ገብቶ አይቶ፣ አህጉር ነው ብሎ ስም አውጥቶለት ሄደ ማለት ነው።

የመጥለቂያ ትምህርቱ አራት ቀን ነው። መጀመሪያ ቅጽ ያስሞላሉ፤ አስም አለብሽ ወይ፣ ጆሮሽን ታመሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ልብሽስ? «ትፈሪያለሽ ወይ» የሚል ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ። ያስተማረኝ ልጅ ድሬዳዋ ተወልዶ ጅቡቲ ያደገ፣ ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ድሬዎች አንቱታ አያውቁም፤ ዕድሜዬን ከግንባሬ ላይ አንብቦ እንኳ ከመጀመሪያው ደቂቃ «አንቺ» አለኝ። ቅር አላለኝም። እንዲያውም ከውኃ በታች አንቱ መባባል የሚቻል አይመስለኝም።

«አቦ እህቴ፣ አንድ ሕግ ያዢ፤ ሌላውን ቀስ እያልን እንደርሳለን» አለኝ። «ትንፋሽሽን አትያዢ። በጭራሽ።»

ግዮን ገንዳ ውስጥ የተማርኩት በሙሉ ትንፋሽ መያዝ ነበር። ምክንያቱን ያስረዳኝ በሃይላንድ ነው። ባዶ ጠርሙስ ጀልባው ላይ ክዳኑን አጥብቆ ይዞት ወረደ፤ አሥር ሜትር ላይ ግማሹ ሆኗል። በየአሥር ሜትሩ የውኃው ክብደት አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል፤ አሥር ሜትር ላይ ላዩ ካለው እጥፍ ነው። ጠርሙሱ ሲወጣ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አየሩ የላይኛው ነውና። አሥር ሜትር ላይ ከቦምቦላው የተሞላ ሳንባ ግን ትንፋሽ ተይዞ ሽቅብ ከወጣ፣ ውስጡ ያለው አየር እጥፍ ልሁን ይላል። ሳንባ ደግሞ ፕላስቲክ አይደለም። ሌላ ማስፈራሪያ አላስፈለገኝም።

ጀርባ ላይ የሚታዘለውን ቦምቦላ አብዛኛው ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል። ልጁ ይህን ሲሰማ ጥርሱ እንደታመመ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ኦክስጅን አይደለም፤ ይኸው የምንተነፍሰው፣ አምስት እጁ አራቱ ናይትሮጅን የሆነ ተራ አየር ተጨምቆ ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ቦምቦላ እስከ 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይጎርሳል። ይህን ያህል ግፊት በቀጥታ አፍ ውስጥ ቢለቀቅ ሰው አይተርፍም፤ መሀል ላይ ያለችው ሬጉሌተር ናት አየሩን በጉርሻ በጉርሻ፣ በጠየቅሽው ጊዜ ብቻ የምትሰጥሽ። ታሪኳን ሳነብ ሳቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን መሣሪያውን ሲሠሩ የተነሱት፣ በጦርነቱ ቤንዚን ስለጠፋ መኪና በጋዝ እንዲሄድ ጋኛን ካበጃጃት መቆጣጠሪያ ነው። የቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከችግር ምን እንደሚፈለፈል ያውቃል። እኛ ሰልፉ ላይ ግማሽ ቀን እንቆማለን፤ እነርሱ ባሕር ውስጥ ገቡበት።

የመጀመሪያው ቀን አላማረልኝም። ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ተንበርክከን መነጽሩን ውኃ ማስገባትና በአፍንጫ ነፍቶ ማውጣት እንለማመድ ነበር። ሹሩባ ተሠርቼ ነው የሄድኩት፤ አንዲት ጥንጥዬ ዘለላ ከግንባሬ አምልጣ በመነጽሩ ጎማ ሥር ገብታ ኖሯል። በዚያች በአንዲት ፀጉር ስፋት ውኃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ነፍቼ አወጣዋለሁ፤ ይመለሳል። ልጁ ፀጉሯን ፈልጎ እስኪያገኛት ሩብ ሰዓት ሆነው። ከዚያ ስድስት ሜትር ወረድን፤ እኔም ፀጉሯ ተመልሳ የገባች መሰለኝ። አልገባችም። ግን ልብ አንዴ ከመሰለው በኋላ የሚሰማው ማን ነው? ላዩን አየሁ፤ ብርሃኑ እዚያው፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስላል። እግሬ ራሱን ችሎ መርገጥ ጀመረ። ሬጉሌተሯን ከአፌ ልተፋትም ምንም አልቀረኝ።

ጃኬቴን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘኝ። አልጎተተኝም፤ ያዘኝ ብቻ። መነጽሩን ከመነጽሬ አስጠግቶ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ አንድ ጣቱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ሲያወጣ አስገቢ፣ ሲያወርድ አውጪ ማለቱ ነው። ከአፉ የሚወጣው አረፋ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጥሩ የሃይማኖት አባት ንግግር፣ እያረፈ ይወጣል። የእኔው እንደ ፈላ ጀበና ይንተከተካል። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም፤ ጀበናው ቀስ በቀስ በረደ። በእጁ «ደህና ነሽ?» ሲለኝ፣ እኔ በደስታ አውራ ጣቴን ቀሰርኩለት። ወዲያው ክንዴን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ለካ ከውኃ በታች አውራ ጣት መቀሰር «ልውጣ» ማለት ነው! «ደህና ነኝ» የሚባለው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ ነው። ላይ ደርሰን ሁለታችንም ሬጉሌተራችንን ተፍተን እስኪደክመን ሳቅን። ጀልባው ላይ የነበሩት ሁለት ፈረንሳዮች ምን እንዳሳቀን ቢጠይቁ እርሱ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ነገራቸው፤ እነርሱም ሳቁ፤ ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

በአራተኛው ቀን ሙሻ ደሴት ሄድን። ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ፣ ከውኃው ብዙም ከፍ ያላለች ዝርግ መሬት ናት። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዞች ከታጁራ ሱልጣን የገዟት በአሥር ከረጢት ሩዝ ነው፤ በኋላ ለፈረንሳይ ተዋት። ጀልባው ሲጠጋ ያየሁት የደሴቷ ጠርዝ ልቤን ቀጥ አደረገው፤ የተበሳሳ፣ የተጠማዘዘ፣ ማር እንጀራ የመሰለ ድንጋይ። የአፋሩ ጉብታ! ደሴቷ ራሷ የጥንት ኮራል ናት። ሙታኑ ላይ፣ ሕያዋኑ ታች፤ መሀላቸው ጥቂት ሜትር ውኃ ብቻ።

እንደ ተማርኩት መነጽሬን በመዳፌ ደግፌ ከጀልባው ጠርዝ በጀርባዬ ወደቅሁ።

እውነቱን ልናገር፤ በፖስተር ላይ የሚታየው ዓይነት ሰማያዊ አይደለም። በጥር የታጁራ ውኃ አረንጓዴ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ሞልተውበት ከአሥር አሥራ አምስት ሜትር በላይ እንደ ልብ አያሳይም። ለላንጋኖ ልጅ ግን ይህ መስተዋት ነው። ጉልበቴን አየሁ። ከጉልበቴ በታች የእግሬን ክንፍ፣ ከእርሱ በታች ደግሞ ከተማ።

መጀመሪያ የገባኝ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ባሕር ዝም ያለ ነው ያለው ማነው? ምጣድ ላይ የተሰጣ ተልባ ሲንጫጫ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፤ ልክ እርሱን። ጥፍራቸውን የሚያስጮኹ ትናንሽ ሽሪምፖች ናቸው ይላሉ፤ አንዱም አይታይም። ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር አራት እጥፍ ስለሚፈጥን ሁለቱም ጆሮ ላይ እኩል ይደርሳል፤ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። ከሁሉም አቅጣጫ ተልባ ይቆላል። በመሀሉ «ቀጭ! ቀጭ!» የሚል ሌላ ድምፅ ገባ። ፓሮት የሚሉት፣ መንቁር የመሰለ ጥርስ ያለው አረንጓዴ ዓሣ ኮራሉን እየገመጠ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ለምለም ፈልጎ ድንጋዩን አብሮ ይቆረጥማል፤ ድንጋዩን ሆዱ ውስጥ ይፈጫል፤ ከዚያ ዞር ብሎ ያለምንም ሐፍረት ከኋላው ነጭ አሸዋ እንደ ዱቄት ይበትናል። የሞቃት አገር ነጭ የባሕር ዳርቻ፣ ሙሽሮች በባዶ እግራቸው የሚነሱት ፎቶ፣ ብዙው የዚህ ዓሣ ሥራ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የሠርግ አልበም ባየሁ ቁጥር ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ኮራሉን እንደ ዛፍ ነበር የማስበው። እንስሳ ነው። እያንዳንዱ የመርፌ ራስ የሚያክል ፍጥረት አፍና ሆድ አለው፤ ከሥሩ ኖራ እያወጣ ወለሉን ይገነባል፤ ሺህ በሺህ ተደራርቦ ሰፈር ይሆናል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ደባል አለበት፤ በዓይን የማይታይ አልጌ። ደባሉ ፀሐይ እየሞቀ ስኳር ይሠራል፣ ከስኳሩም አብዛኛውን ለአከራዩ ይከፍላል። የኮራል ቀለም በአመዛኙ የደባሉ ቀለም ነው። አንዲት ድቡልቡል ኮራል አጠገብ ቆምኩ፤ ቁመቷ እኔን ታክላለች። ይህች ዓይነቷ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የምታድገው። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ እርሷ እዚህ ከተማዋን ጀምራለች። ከእነርሱ ይልቅ እርሷ ማስተር ፕላኗን የጠበቀች ይመስለኛል።

ቀይ ቀለም የተቀባ ጥፍሬን በአጋጣሚ አየሁት፤ 15 ሜትር ላይ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ቀይ ብርሃንን ውኃ ቀድሞ ነው የሚውጠው። ልጁ የእጅ ባትሪውን አበራበት፤ ወዲያው እንደ በርበሬ ቀላ። ከዚያ ባትሪውን ወደ ግድግዳው መለሰው፤ ግራጫ ያልኩት ሁሉ ብርቱካን፣ ደም፣ ሐምራዊ ሆነ። እንዲህ ያለ ጌጥ ለብሰው፣ የሚያሳያቸው ብርሃን በሌለበት ቦታ የሚኖሩ አሉ ለካ።

አንድ አኒሞኔ ውስጥ፣ በሚናደፉት ጣቶቹ መሀል፣ ሁለት ነጭ መቀነት ያሰሩ ቢጫ ዓሦች ቤተሰብ ሆነው ይኖራሉ። ክላውን ይሏቸዋል። ትልቋ ሴቷ ናት፤ ወጣችብኝ። የጣቴን ርዝመት የማታክል ፍጥረት ቦምቦላ ያዘለ ሰው ልትደባደብ! ሁሉም ሲፈለፈሉ ወንድ ናቸው፤ እናቲቱ ብትሞት ባልየው ሴት ይሆንና ቤቱን ይረከባል። እዝን የለ፣ ሽምግልና የለ።

ልጁ በጣቱ ወደ አንድ ጎሬ ጠቆመኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዓሣ ስፈልግ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የክንዴን ውፍረት የሚያህል ሞሬይ ራሱን አወጣ። አሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ያሉት አባቶች አይተውት ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ እያሰብኩም ወደ ኋላ እየሸሸሁ ነበር። አፉን የሚከፍተው ሊናከስ ሳይሆን ለመተንፈስ ነው። ያን የተረዳሁት ጀልባው ላይ ነው።

ከሪፉ በስተ ምሥራቅ ስንዞር ነጭ ቦታ ላይ ደረስን። ቅርንጫፎቹ ሳይሰበሩ እንዳሉ ቆመዋል፤ ግን ነጭ፣ አጥንት የመሰለ ነጭ። ባሕሩ ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ብቻ ጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ ደባሉን ያባርረዋል። ደባሉ ሲወጣ ቀለሙም ስኳሩም አብሮ ይወጣል፤ ቶሎ ካልተመለሰ አከራዩ በረኃብ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሳይንቲስቶች ይህ መንጣት ዓለም አቀፍ ሆኖ ለአራተኛ ጊዜ መከሰቱን አስታውቀዋል። የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ አቃባ አካባቢ ያሉት ኮራሎች ግን ሙቀትን በተለየ ሁኔታ ይችላሉ። ምክንያቱን የሚያጠኑት እንዲህ ይላሉ፤ ከበረዶው ዘመን በኋላ ቀይ ባሕርን መልሰው የሞሉት ኮራሎች የገቡት በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ ነው፤ እዚያ ያለው ሙቀት ደካማውን አስቀርቶ ጠንካራውን ብቻ አሳለፈ። ባብ ማለት በር ነው። የእንባ በር። እኛ የምናወራለት በር ለካ ከእኛ በፊት ሌሎችን መርምሮ ያሳልፍ ነበር።

ነጩ ቅርንጫፍ መሀል አንድ ሃይላንድ ተሰክቷል። ማስታወቂያ ወረቀቱ በውኃ ራስቶ ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው ላይ «ውኃ» የሚል በአማርኛ ይነበባል። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከመኪና ረዳት፣ ከጀልባ፣ ከከተማው ቦይ። ልጁ መዝዞ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ደጋግሞ እንደሚያደርገው ያስታውቃል፤ ዞሮም አላየኝም። እኔ ግን የሰው ቤት ገብቼ ጫማዬን እንዳላወለቅሁ ተሰማኝ።

አየሬ በ31 ደቂቃ አለቀ ማለት ይቻላል። እርሱ ከግማሽ በላይ ነበረው። ጀማሪ አየር ይበላል፤ ይህ የታወቀ ነው። ስንወጣ አምስት ሜትር ላይ የመልሕቁን ገመድ ይዘን ሦስት ደቂቃ ቆምን፤ ግፊቱ ደማችን ውስጥ ያስገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ። ፈጥኖ የወጣ ሰው ደም ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ ይሆናል።

ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዌል ሻርክ ነው። አዎ፣ በዚያ ወቅት ወደ አርታ ዳርቻ ይመጣሉ፤ አዎ፣ በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ ሰው አይበላም። አየሁት፤ እንደ አውቶቡስ አለፈ። ከእርሱ ይልቅ ትዝ የምትለኝ ያቺ መቀነታሟ ናት።

ለመመለስ ስነሳ ልጁ ከለከለኝ። የጠለቀ ሰው ናይትሮጅኑ ሳይወጣለት ከፍታ ላይ አይወጣም፤ በተለይ ደጋግሞ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት አውሮፕላን አይሳፈርም። «በባቡር ነው የምሄደው» አልኩት ኩራት በተቀላቀለው ድምፅ።

«አቦ፣ የት ነው የምትገቢው?»

«አዲስ አበባ።»

«እሱ ራሱ አውሮፕላን ነው!»

እውነቱን ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ሲበር ውስጡ የሚኖረው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሳሎኔ ተቀምጬ ቡና ስጠጣ የምተነፍሰው ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ሳላውቀው በአየር ላይ ኖሬያለሁ። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ቀን ጅቡቲ ተቀምጬ የደሜን አረፋ ቆጠርኩ። ሽሮ በላሁ። ወደቡን ዳግም ሄጄ አየሁት፤ በዚህኛው ጊዜ ዓይኔ ከክሬኖቹ ሥር ያለው ውኃ ላይ ቀረ፤ ዘይት ቀስተ ደመና ሠርቶበታል።

በማግስቱ ባቡሩ ከጠለሉ ተነሳ። ደወሌ ላይ ፓስፖርት ተመታ፤ ድሬዳዋ ላይ ማንጎ ገዛሁ። አዋሽ ከመድረሳችን በፊት በመስኮት ያየሁት ሜዳ እንደ ወትሮው ደረቅ ነው። ጂኦሎጂስቶች አፋር ቀስ እያለ እየተከፈተ መሆኑን ይናገራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቆ እስከ ስምንት ሜትር ተራርቋል። አንድ ቀን፣ ከእኛ በጣም በኋላ፣ ባሕሩ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። በየትኛው በር እንደሚገባ የሚከራከር ሰው ያን ጊዜ አይኖርም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ማንጎ ስሰጣቸው «ከየት ነሽ የመጣሽው ልጄ?» አሉኝ፤ «ከባሕር» አልኳቸው። «ንግድ ነው?» አሉኝ። አይደለም ልል ብዬ ተውኩት።

ለቡ ስንደርስ መሽቷል፤ ብርዱም ጆሮ ይቆርጣል። ከወንበሩ ሥር ቦርሳዬን ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ከአፍንጫዬ የውኃ ዘለላ ድንገት ወረደና ባቡሩ ወለል ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ሌላ። ጠላቂዎች ያውቁታል፤ ባሕሩ ግንባር አጥንት ጀርባ ባሉት ጓዳዎች ተደብቆ ይቆይና ቀኑን ጠብቆ ይወጣል። እናትየዋ ከጀርባዬ «ኧረ ጉንፋን ይዞሻል፣ ነጠላ ጣል አድርጊ» አሉኝ። ከንፈሬ ላይ የደረሰውን በምላሴ ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል።